ባህር የለንም እንጂ ጉማሬ አለን፦ ከባህር ዳር ሆኖ የዓሣ ነባሪ ምርምር አጀማመር

ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ባዮሎጂ የምትማር የእህቴ ልጅ አለች፣ ባለፈው እሁድ ቡና እየጠጣን "ጋሼ እኔ እኮ ማጥናት የምፈልገው ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ነበር፣ ምን ያደርጋል ሀገሬ ባህር የላት" ብላ ትክዝ አለች። ይሄን የምትለው እንግዲህ ባህር ዳር የሚባል ከተማ ውስጥ ቁጭ ብላ ነው። በረካው ሳይደርስ "ተነሺ ዘመዱን ላሳይሽ" አልኳትና በባጃጅ አባይ ከጣና የሚወጣበት ጋ ሄድን። ትንሽ እንደቆየን ሁለት ጆሮና ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ብቅ አለ፣ ፉፍፍ ብሎ ተነፈሰና ጠፋ። "ጉማሬ?" አለች። አዎ ጉማሬ። "ጋሼ ደሞ ቀልድህ!"

ቀልድ አይደለም። ዛሬ በሕይወት ካሉ እንስሳት ውስጥ ለዓሣ ነባሪና ለዶልፊን በዝምድና ከሁሉም የሚቀርበው ጉማሬ ነው። ዓሣ ነባሪ ስሙ ላይ ዓሣ ስላለ እንጂ ከዓሣ ጋር ምንም አያገናኘውም፣ አየር ይተነፍሳል፣ ይወልዳል፣ ያጠባል። ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው እንግዲህ እንደሷ ላሉ ልጆች ነው፣ ባህር ሳታዩ የዓሣ ነባሪ ተመራማሪዎች የሚሰሩበትን መንገድ እዚሁ አባይ ዳር በጉማሬ ላይ ተለማመዱት ነው የምለው። ስልክ፣ ደብተርና ትዕግስት ካላችሁ ይበቃል፣ ባይናኩላር ከተገኘ ደሞ እሰየው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት እንዳትደናገሩ።)

መጀመሪያ የበግ እግር

ለበዓል በግ ሲታረድ የኋላ እግሩን ቁርጭምጭሚት ውሻ ሳይወስደው ጠይቁና ያዙ። ቀቅሉት፣ ስጋውን በደንብ አጽዱት፣ ውስጡ አንዲት ጎርበጥ ያለች ትንሽ አጥንት ታገኛላችሁ። ከላይም ከታችም እንደ ክር ማጠንጠኛ መሃሏ ሰርጎድ ያለ ነው። እንዲህ በሁለቱም ጫፍ ማጠንጠኛ የሚመስል የቁርጭምጭሚት አጥንት ያለው የሰኮናው ቁጥር ጥንድ (ሁለት ወይ አራት) የሆነ እንስሳ ብቻ ነው፣ በግ፣ ፍየል፣ ላም፣ ግመል፣ አሳማ፣ ጉማሬ። ፈረስና አህያ ይሄ የላቸውም።

ለምን አጥንት አስቀቀልከን ካላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ለብዙ ጊዜ የቅሪተ አካል ሰዎች ዓሣ ነባሪ የመጣው ድሮ ከጠፉ ሰኮና ካላቸው ስጋ በሎች ነው ይሉ ነበር፣ ጥርሳቸው ይመሳሰላል ብለው። የዲኤንኤ ሰዎች ደግሞ በ1990ዎቹ የለም ዘመዱ ጉማሬ ነው ማለት ጀመሩ፣ ክርክሩ ጦፈ። በ2001 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ የፊሊፕ ጊንገሪች አንዱ የሃንስ ቴዊሰን፣ ፓኪስታን ውስጥ እግር የነበራቸውን የጥንት ዓሣ ነባሪዎች ቁርጭምጭሚት አግኝተው አሳተሙ። አጥንቱ ልክ አሁን እጃችሁ ላይ እንዳለችው ከላይም ከታችም ማጠንጠኛ ነው። ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበረው ፓኪሴተስ የሚባለው ውሻ የሚያህል በአራት እግሩ የሚሄድ እንስሳ ነበር፣ ጆሮው ውስጥ ያለው ወፍራም አጥንት ግን የዓሣ ነባሪ ነው።

የዲኤንኤው ነገር ግን ለኛ ሀገር ሰው እንደውም ይበልጥ ይገባዋል። ቁም ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ አንድ መስመር ላይ ተሳስቶ አንድ ቃል ሁለቴ ጻፈ እንበል። ከዛ ዘጌም ዳጋ እስጢፋኖስም ሁለት መጽሐፍ ብታገኙና እዛችው መስመር ላይ እዛችው ቃል ሁለቴ ተጽፋ ብታዩ ሁለቱም ከአንድ እናት መጽሐፍ እንደተቀዱ ታውቃላችሁ አይደል፣ ሁለት ሰው በአጋጣሚ እዛችው ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት አይሳሳትም። ዘረመል ውስጥም እየዘለሉ የሚሰኩ ቁርጥራጮች አሉ፣ በ1999 የጃፓን ተመራማሪዎች ዓሣ ነባሪና ጉማሬ እነዚህን ቁርጥራጮች እዛው ቦታ ላይ እንደሚጋሩና ላምና አሳማ ግን እነዛ ቦታዎች ላይ እንደሌላቸው አሳዩ። በቃ ተዘጋ።

እዚ ጋ ግን ተጠንቀቁ፣ ጉማሬ የዓሣ ነባሪ አባት አይደለም፣ የአክስት ልጅ በሉት፣ መንገዳቸው የተለያየው ከ50 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ሁለቱም ፀጉር አልባ ስለሆኑ ከአንድ አያት ወረሱት እንዳትሉ ደሞ፣ በ2021 የወጣ ጥናት ቆዳቸውንና ዘረመላቸውን አነጻጽሮ ሁለቱም ለውሃ ኑሮ የተዘጋጁት ለየብቻቸው ነው ብሏል። መመሳሰል ሁሉ ዝምድና አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ውሃው እንሂድ። ከኛ የሚወጣው አባይ ካርቱም ላይ ከነጩ ጋር ተቀላቅሎ ግብጽ ሲደርስ ከፊሉ ባህር ዩሱፍ በሚባለው ቦይ ወደ ፋዩም ይገባል። ከዛ ብዙም ሳይርቅ በረሃው ውስጥ ዋዲ አል ሂታን አለ፣ የዓሣ ነባሪዎች ሸለቆ ማለት ነው፣ ከ2005 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ ገና ትንንሽ የኋላ እግር ያላቸው ዓሣ ነባሪዎች አጽም አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ኬንያ ቱርካና አካባቢ ደሞ የ17 ሚሊዮን ዓመት ዓሣ ነባሪ ተገኝቷል፣ ከባህር 740 ኪሎ ሜትር ገብቶ፣ በወንዝ ወጥቶ ጠፍቶበት ነው የሚሉት። ቦታው ዛሬ ከባህር ጠለል በላይ 620 ሜትር ገደማ ነው፣ ዓሣ ነባሪ ደሞ ዳገት አይወጣም፣ ስለዚ ያኔ መሬቱ ዝቅ ያለ ነበር ማለት ነው፣ ተመራማሪዎቹ ምስራቅ አፍሪካ መቼ ከፍ ማለት እንደጀመረ ለመገመት የተጠቀሙት ይሄንኑ አጥንት ነው። አጥንቱ ደሞ በ1964 ተገኝቶ ከዛ ዕቃ ክፍል ውስጥ ለሠላሳ ዓመት ያህል ጠፍቶ የነበረ ነው፣ ስለዚ ያገኛችሁትን ነገር ስም ጽፋችሁ አስቀምጡ።

የት ቆማችሁ፣ መቼ

አባይ መውጫው ጥሩ ነው፣ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ ወደታች ማየትም ጥሩ ነው፣ በጀልባ ከሆነ ወደ ደብረ ማርያም የሚሄዱት አብዛኛውን ጊዜ ያሳዩዋችኋል። ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 4፣ ከሰዓት ደሞ ከ9 እስከ 11። ከዛ በኋላ እዛ አትገኙ። ጉማሬ ሲመሽ ሳር ለመጋጥ ይወጣል፣ በሌሊት 40 ኪሎ ያህል ሳር ይበላል፣ እሱና ውሃው መሃል ከቆማችሁ አለቀላችሁ፣ ከሰው በላይ ይሮጣል። በታንኳ ፈጽሞ አትጠጉ፣ ደንገል ነው እኮ እሱ። ግልገል የያዘች ካያችሁ ተመለሱ።

መጀመሪያ የወሰደኝ ጀልባ ነጂ ሽማግሌ ነበሩ፣ አንዱ ጉማሬ አፉን ቦግ አድርጎ ሲከፍት እኔ ደስ ብሎኝ ስልኬን ሳወጣ "ልጄ፣ እንቅልፉ መጥቶ እያዛጋ እንዳይመስልህ፣ ጥርሱን እያሳየህ ነው" ብለው ሞተሩን አስነሱ። ያንን ያህል ባይናገሩ ኖሮ ይሄን የምትለጥፈው የእህቴ ልጅ ትሆን ነበር።

በነገራችን ላይ ስለ ጉማሬ ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ የሚያውቁት ውሃው ላይ ያረጁ ሰዎች ናቸው። የነገደ ወይጦ አባቶች ድሮ የታወቁ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፣ ታንኳ ሰሪዎችም እነሱ ናቸው። ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰላምታ አቅርባችሁ፣ ስልክ ቀድማችሁ ሳትደቅኑ። ዱሮ የት የት ይታይ ነበር፣ የት ጠፋ፣ ይሄ ሁሉ ዳታ ነው።

መቁጠር ቀላል ይመስላል

የመጀመሪያ ቀን 9 ቆጠርኩ፣ ጉራዬን ነዛሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 14። ማንም አልመጣም ማንም አልሄደም፣ ውሃ ውስጥ ነበሩ በቃ። የዓሣ ነባሪ ቆጣሪዎች ዋና ራስ ምታትም ይሄው ነው፣ መርከቡ ቀጥ ባለ መስመር ያልፋል፣ እንስሳው በዛች ደቂቃ ታች ከሆነ አልተቆጠረም። ስለዚ ስንት ደቂቃ ታች እንደሚቆይ ካላወቃችሁ ቁጥራችሁ ዋጋ የለውም።

እንዲህ አድርጉ። አንድ ጉማሬ ምረጡ፣ ሲጠልቅ የስልኩን ሰዓት አስነሱ፣ ሲወጣ አቁሙ፣ ጻፉ። ሃያ ጊዜ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሶስት ደቂቃ ነው፣ አምስት አካባቢ ከደረሰ ብዙ ነው። ለማነጻጸር ኩቪዬር የሚባለው ባለምንቃር ዓሣ ነባሪ አንዴ 3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ታች ቆይቶ ተመዝግቧል። ከዛ ቆጠራውን በየሁለት ደቂቃው ለግማሽ ሰዓት ደጋግሙና ትልቁን ቁጥር ያዙ። ከሁለት ሰው ጋር ከሆናችሁ እየተነጋገራችሁ አትቁጠሩ፣ ለየብቻ ቆጥራችሁ በኋላ አወዳድሩ። መንጋው አካባቢ ማንም ሳይታይ የሄዳችሁበትን ቀንም ዜሮ ብላችሁ ጻፉ፣ ሰው ዜሮ መጻፍ ያፍራል፣ ዜሮ ግን ቁጥር ነው።

ፊት መለየት

ይሄ ነው ትልቁ ስራ፣ እኔም የምወደው እሱን ነው። በ1970ዎቹ ካናዳ ውስጥ ማይክል ቢግ የሚባል ሰው ኦርካ የሚባሉትን (በዝምድና ዶልፊን ናቸው) ፎቶ እያነሳ ጀርባቸው ላይ ባለው ክንፍ ጠርዝ ቁርጥራጭና ከክንፉ ኋላ ባለው ግራጫ ምልክት እያንዳንዱን በግል መለየት እንደሚቻል አሳየ። ሰው ሁሉ ሺዎች ናቸው ብሎ ያስብ ነበር፣ አንድ በአንድ ሲለዩ ጥቂት መቶዎች ብቻ ሆነው ተገኙ፣ እየተያዙ ለትርኢት መሸጣቸው የቆመው ከዛ በኋላ ነው። ፍሎሪዳ ሳራሶታ ላይ ደሞ ከ1970 ጀምሮ እስከ ዛሬ እነዛኑ የዶልፊን ቤተሰቦች ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ይከታተላሉ። ሃምፕባክ የሚባለው ጎባጣ ዓሣ ነባሪ ሲጠልቅ ጭራውን ከፍ ያደርጋል፣ የጭራው ስር ያለው ነጭና ጥቁር እንደ ጣት አሻራ ነው።

ጉማሬ ክንፍ የለው፣ ጭራውንም አያሳይም። እኔ የሚሰራልኝ ጆሮ ነው፣ የተቀደደ፣ የተቆረጠ፣ ጫፉ የተበላ። ከዛ ፊቱ ላይ ያለው ጠባሳና ሮዝ ነጠብጣብ። ስልኩን ባይናኩላሩ ዓይን ላይ አስጠግታችሁ አንሱ፣ እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ግንብ ላይ አስደግፉ። ግራውንም ቀኙንም ጎን ካላነሳችሁ አንዱን ጉማሬ ሁለት አድርጋችሁ ትመዘግባላችሁ፣ ይሄን ስህተት ሁለት ወር ሙሉ ሰርቼዋለሁ፣ "ግራ ቅዱ" እና "ሮዜ" ያልኳቸው አንድ ሰው ሆነው ተገኙ፣ ማለቴ አንድ ጉማሬ። የፎቶውን ስም ቀን፣ ቦታና ቁጥር አድርጉት፣ ስልኩ የሰጠውን ስም ትታችሁ እንዳትተኙ። ቅጽል ስም ማውጣት ይፈቀዳል ግን ቁጥርም ይኑረው።

ከዛ ሒሳቡ። አንድ ቀን ሄዳችሁ 12 ለይታችሁ አወቃችሁ እንበል። በሌላ ቀን 10 አነሳችሁ፣ ከ10ሩ ውስጥ 6ቱ የድሮዎቹ ናቸው። 12 በ10 አባዙ፣ ለ6 አካፍሉ፣ 20። ማለት ያላያችኋቸውም ተጨምረው ወደ 20 ገደማ አሉ ማለት ነው። ምክንያቱም ከሁለተኛው ቀን 10 ውስጥ የምታውቋቸው ከመቶ ስድሳ ከሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ 12ቱም ከጠቅላላው ከመቶ ስድሳ ናቸው ብሎ መገመት ይቻላል። የሚሰራው ግን በሁለቱ ቀናት መሃል ብዙ ሞት፣ ውልደትና ስደት ከሌለ ነው፣ ስለዚ ሁለቱን ቀናት አታራርቁ። የዓሣ ነባሪ ሰዎች የሚጠቀሙት ከዚ የተወሳሰበ ቢሆንም ስሩ ይሄው ነው።

ድምጽ

በ1971 ሮጀር ፔይንና ስኮት ማክቬይ ሃምፕባክ እየደጋገመ የሚያዜመው ዜማ እንዳለው፣ መልሶ ከመጀመሪያው እንደሚጀምር አሳተሙ፣ ዓለም ያኔ ነው ለዓሣ ነባሪ ማዘን የጀመረው ብል ብዙም አላጋነንኩም። የኛዎቹም አይተናነሱም። ዊልያም ባርክሎ የሚባል ተመራማሪ ጉማሬ አፍንጫው ከላይ ጉሮሮው ከታች ሆኖ ሲጮህ ድምጹ ባየርም በውሃም በአንዴ እንደሚሄድ አሳይቷል። ውሃ ውስጥ ድምጽ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይሮጣል፣ ባየር 340 ገደማ፣ ስለዚ ታች ያለው ጉማሬ ቀድሞ ይሰማል። በ2022 ደሞ ኒኮላ ማትቮንና ጓደኞቹ ሞዛምቢክ ውስጥ የተቀዳ ድምጽ አጫውተውላቸው ጉማሬዎች የመንጋቸውን፣ የጎረቤትንና የእንግዳን ድምጽ ለይተው እንደሚያውቁ አገኙ፣ እንግዳ ሲሰሙ ፋንድያ በመርጨት ይመልሳሉ። ጥሩ መልስ ነው። እናንተ ግን ድምጽ አታጫውቱባቸው፣ መቅዳት ብቻ።

ባየር የሚመጣውን በስልክ ቅዱት። በውሃ ውስጥ ያለውን ለመስማት ከሙዚቃ ፖስትካርድ ውስጥ የምትወጣ ናስ ሳንቲም የመሰለች ቀጭን ነገር አለች፣ ፒዞ ይሏታል፣ ስልክ ጠጋኞችም አያጡም። ሁለት ሽቦ አስበይዱባት፣ በኢፖክሲ ሙሉ በሙሉ ሸፍኗት፣ የድምጽ መቅጃ ማይክ መግቢያ ላይ አያይዙ፣ ድንጋይ አስራችሁ አውርዱ። የኔ የመጀመሪያዋ ማሸጊያዋ ሳይደርቅ ቸኩዬ አውርጃት አስር ደቂቃ ሰራችና ሞተች። ጉማሬ ያለበት አትሂዱ፣ ጀልባ መሳፈሪያው ላይ አውርዱ። የምትሰሙት ሞተር ነው፣ ሞተር ብቻ፣ ከሩቅ እየመጣ ያለ ጀልባ ሳይታያችሁ ይሰማችኋል። ዓሣ ነባሪም የሚኖረው እንደዚ ነው። በመስከረም 2001 አሜሪካ ላይ ጥቃቱ ሲደርስ መርከቦች ለጥቂት ቀን ቀነሱ፣ ካናዳ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ የነበሩ ራይት የሚባሉ ዓሣ ነባሪዎች ፋንድያ ውስጥ ያለው የጭንቀት ሆርሞን በዛ ሰሞን ቀንሶ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ፋንድያውን ባህር ላይ አሽትቶ የሚያገኝ ውሻ ነበራቸው፣ ጀልባ ጫፍ ላይ ቆሞ። የቀዳችሁትን ኦዳሲቲ ወይ ሬቨን ላይት በሚባሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ክፈቱት፣ ነጻ ናቸው፣ ድምጹን በስዕል ያሳያችኋል፣ ጩኸት ከጩኸት በዓይን ትለያላችሁ።

ከቤት ሆናችሁ

ኔት ሲኖር ዙኒቨርስ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ግቡ፣ የዓሣ ነባሪ ድምጽና ፎቶ በፈቃደኛ ሰው የሚለይባቸው ስራዎች በየጊዜው ይወጣሉ፣ ዲግሪ አይጠይቁም። ሃፒዌል የሚባለው ደሞ ቱሪስት ያነሳውን የጭራ ፎቶ ሰብስቦ በኮምፒውተር ያመሳስላል፣ በዛ ነው በ2024 የሰሜን ፓስፊክ ሃምፕባኮች በ2012 ወደ 33,000 ደርሰው በ2021 ወደ 26,600 እንደወረዱ ያወቁት፣ ባህሩ ከልክ በላይ ሞቆ ምግብ አጥተው ነው የሚሉት። አደን በአብዛኛው ቀርቶ እኮ ነው፣ ለንግድ ማደን እንዲቆም በ1982 ተወስኖ ከ1986 ጀምሮ ስራ ላይ ውሏል። የናንተን ጉማሬ ደሞ ሰው ያየውን እንስሳ በሚመዘግብበት አይናቹራሊስት የሚባል ድረ ገጽ ላይ ከነቦታውና ከነቀኑ ጫኑት።

መረብ ጥሎ የሚያድረውን ሰው አትርሱ

ዛሬ ዶልፊንና ዓሣ ነባሪን በብዛት የሚገድለው ጦር ሳይሆን ለሌላ ዓሣ የተጣለ መረብ ነው። ሜክሲኮ ያለችው ቫኪታ የምትባል ትንሽዬ የዶልፊን ዘመድ አሥር አካባቢ ወይ ከዛ በታች ነው የቀረችው፣ በሌላ ዓሣ መረብ እየታነቀች። ቻይና ያንግትዜ ወንዝ ላይ የነበረውን ባይጂ የተባለ ዶልፊን በ2006 ሳምንታት ፈልገው አንድም አላገኙም። እኛ ጋ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ ጉማሬው ነው መረቡን የሚበጥሰው፣ ማሳም ገብቶ ይበላል፣ ስለዚ አስጋሪውን "ጉማሬ ይጠበቅ" ብላችሁ ብትቀርቡት በደንብ ይቆጣችኋል፣ እውነቱንም ነው። መጀመሪያ የሱን ኪሳራ መዝግቡ፣ የትኛው ቦታ፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ከቆጠራችሁት ጋር አስተያዩትና መልሳችሁ ንገሩት። እኔ ይሄን ካደረግኩ በኋላ ነው የት እንዳሉ ራሳቸው እየደወሉ የሚነግሩኝ።

ፋንድያው ዓሣ ይመግባል የሚል ክርክርም አለ፣ ጉማሬ ከየብስ ሳር በልቶ ውሃ ውስጥ ይጥላል፣ ዓሣ ነባሪም ከጥልቁ በልቶ ላይ ላይ እየጣለ ፕላንክተን (ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነገሮች) ያበቅላል። ግን ሲበዛም ጥሩ አይደለም፣ ኬንያ ማራ ወንዝ ላይ ውሃ ሲቀንስ የጉማሬ ፋንድያ የተጠራቀመበት ኩሬ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ጎርፍ ሲመጣ ያ ውሃ ታጥቦ ወደታች ሲወርድ ዓሣ ይገድላል፣ ስለዚ ለአስጋሪ ስታወሩ ግማሹን ብቻ አታውሩ።

የምትጀምሩት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቢሆን ይሻላል፣ ሐይቁ ይቀንሳል፣ የሚሸሸጉበትም ያንሳል። ክረምት ሲገባ ውሃው ይደፈርሳል፣ እምቦጩም ነፋስ ወዳመጣው ይቆለላል፣ ፎቶ አይገኝም፣ ያኔ ቤት ቁጭ ብላችሁ ጆሮ ከጆሮ አስተያዩ። የእህቴ ልጅ አሁን 11 ለይታለች፣ 7ኛውና 10ኛው አንድ ናቸው እያልኩ እከራከራታለሁ፣ የቀኝ ጎኑን ፎቶ እስክታመጣ አልፈርምላትም።